ከዚያስ የት አደረች?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሐሙሲት የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስትጠይቀኝ «ስለ ፊልሙ ፕሮግራም ውጤት ተናገሪልን» ነው ያለችኝ። ውጤቱን በሪፖርቱ ላይ በአንድ መስመር ጽፌዋለሁ። «64 ሴቶች ስለ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግንዛቤ አገኙ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ላስተካክለውም የሚገባኝ እኔው ነኝ ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት። 64ቱ መምጣታቸው እውነት ነው። በመዝገቡ ላይ ፈርመዋል፤ መፈረም ያልቻሉት አሻራቸውን አድርገዋል። ምን ይዘው እንደሄዱ ግን ያን መስመር ስጽፍ አላውቅም ነበር።

ያሳየነው ፊልም «ድፍረት» ነው። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ይጠልፏታል። ጠላፊው ይደፍራታል። ጠመንጃውን ይዛ ስታመልጥ ይከተሏታል፤ ትተኩሳለች፣ ሰውየው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለው የእስር፣ የሽማግሌና የፍርድ ቤት ነገር ነው። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን መዓዛን ሆና ትጫወታለች። ታሪኩ ከእውነት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ልጅ ነበረች፤ በነጻ ጥብቅና የቆመላትም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በሰንዳንስ፣ ጀርመን ደግሞ በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። የተመልካች ሽልማት ማለት አይቶ የወጣው ሰው ራሱ ድምፅ የሚሰጥበት ነው። ይህን የማነሣው እዚያ ያየው ሰውና እዚህ ያየነው እኛ ያየነው አንድ ፊልም ነው ወይ የሚለው ነገር ስለከነከነኝ ነው።

እኛ ያየነው በጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት ወር፣ ሐሙስ ቀን ከገበያ መልስ ነው። አዳራሽ ተውሰን፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። የሽንኩርቱ ቅርጫት፣ ያልተሸጠችው ዶሮ ሁሉ ከኛ ጋር ገብቷል። ከፊሎቹ አባላት ፊልም በሕይወታቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም ብሆን ልጅነቴን ያሳለፍኩት ደብረ ታቦር ቪዲዮ ቤት በር ላይ ቆሜ ነው፤ ሴት ልጅ መግባት ነውር ስለነበር በመጋረጃው ቀዳዳ ነው የማየው። የሕንድ ፊልም ነበር የሚታየው። ሕንድኛ የሚችል አንድ ሰው የለም፤ እናትየዋ ስትሞት ግን ቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። እያንዳንዱ የራሱን እናት ነው ያስለቀሰው ብዬ የማስበው አሁን ነው።

ወደ ጥሩ ሐሙስ ልመለስ። ፈረሶቹ ሲጋልቡ በሩ ላይ ቆመው ያዩ የነበሩ ጎረምሶች አጨበጨቡ። ደሜ ፈላ። ላባርራቸው ተነሥቼ ነበር፤ ግን የኃይሌ ገሪማ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት። ኃይሌ ያደገው እዚሁ ጎንደር ነው። ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የታርዛንን ፊልም ሲያዩ አፍሪካውያኑ ከኋላ አድብተው ሲመጡበት ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ተናግሯል። ከተማው ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይም ካውቦይ እየሆኑ ይጫወቱ ነበር፤ ሕንዶቹን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። የጎንደር ልጆች ከነጩ ሰውዬ ጋር ቆመው የራሳቸውን ቀለም ጠላት አደረጉ ማለት ነው። ካሜራው ከማን ጎን እንደቆመ ሳናስተውል እኛም እዚያው እንቆማለን። ያጨበጨበውን አንዱን ልጅ በኋላ ለብቻው ጠየቅሁት። «ኧረ እኔ ፈረሱን ነው» አለኝ። አመንኩት። ጉግስ እያየ ያደገ ልጅ ፈረስ ሲጋልብ ዝም ቢል ነበር የሚገርመኝ። ሂሩት የተኮሰች ጊዜ ግን እነሱም ትንፍሽ አላሉም።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ደረስን። ዳኛው ገና ሳይፈርድ መብራት ጠፋ።

ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ አልመጣም። ጋቢውን ከመስኮቱ አነሣነውና «ምን የሚፈርዱባት ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ነጻ ትወጣለች ብለው እጃቸውን ያወጡት ሰባት ብቻ ነበሩ። «ሰው ገድላ?» አሉ ሌሎቹ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከምናምን ሙሉ ከልጅቷ ጎን አቁሞናል፤ ቢሆንም ፍርድ ቤትን የምናውቀው ከፊልሙ በፊት ነውና የገመትነው በምናውቀው ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ያለቅሱ ነበር። ለሂሩት መስሎኝ ሳጽናናቸው «የሟች እናትስ?» አሉኝ። በልቤ ተቆጣሁ። እኛ ጠለፋን ልናወግዝ ሰው ሰብስበን እሳቸው ለጠላፊው እናት! ለካ ልጃቸውን በጥይት ያጡ ናቸው። ያ ጥይት ሲተኮስ እሳቸው የቆሙት ሌላ ቦታ ነው።

በስሙ እንኳ ተከራከርን። አንዲት ወጣት «ድፍረት ማለት ጀግንነቷ ነው» ስትል አጠገቧ ያሉት እትዬ «የለም፣ መደፈሯ ነው» አሉ። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለያዛቸው የሚረታ አልተገኘም።

ከሁሉ ያልረሳሁት ግን በቁጠባው ቡድን ውስጥ ብዙ የማትናገር እህታችን ያለችው ነው። ስሟን እንዳልጠራ ጠይቃኛለች። «እሷን በፈረስ ወሰዷት፤ እኔን በበቅሎ፣ በዘፈን። የሷን ቤት ሐዘን ገባው፤ የኔ እናት እልል አለች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለኔ ቢሆን ጠበቃዋ የምትከሰው ማንን ነው? አባቴን?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ስንቱ በበቅሎ እንደሄደ እናውቃለን። እኔ የጠለፋ ፊልም ይዤ የመጣሁት ስለተገኘ ነው፤ በኛ አገር ግን ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ድግስ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ወዲህ ዕድሜ በምስክር ሲጨመር ያላየ እዚህ ያለ አይመስለኝም። እሷ በጠለፋው ውስጥ የራሷን ሰርግ አየች። ፊልሙ ስለ ሰርጓ የሚለው ነገር የለም፤ እሷ ናት የጨመረችበት። እኔም ያን ቀን ከሁሉ የተማርኩት ከሷ ነው።

በቀጣዩ ሰኞ አንዲት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከገጠር ቀበሌ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ በእግሯ እየመጣች ነበር የምትማረው። እናትየዋ ከ64ቱ አንዷ ናት። የሪፖርቴ «ግንዛቤ አገኙ» ውስጥ አለች። መምህራኑ ነግረውኝ ስሄድ ቅያሜ የለባትም፤ ቡና አፈላችልኝ። «ምነው እትዬ፣ እኛ ሴት ልጅ ትማር ብለን!» አልኳት። «መንገዱ ላይ ምን እንዳለ እናንተው አሳያችሁኝ» አለችኝ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ «አልገባትም» እያልኩ ነበር የሄድኩት። ቤቴ ደርሼ ሳስበው ግን ልጅቷ ውሃ ስትቀዳ አልተያዘችም፤ ገበያ ስትሄድም አይደለም። የተያዘችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ይህች እናት ደግሞ ያየችው ፊልም መብራት ሲጠፋ ያለቀው ነው። በሱ ውስጥ የተማረችው ልጅ ተጠልፋለች፣ ተደፍራለች፣ ታስራለች፤ ነጻ አልወጣችም። ባየችው ልክ ነው የወሰነችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሪውን አሳየን። ሂሩት ራሷን ስትከላከል ነው የገደለችው ተብላ ነጻ ስትወጣ እልልታው ደጅ ድረስ ተሰማ፤ ስለ ሟች እናት ያለቀሱት እናትም እልል ብለዋል። ከዚያ ስለ ሕጉ ተነጋገርን። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻም አያድነውም። ይህን የሰሙት ግን የመጡት ናቸው። ያቺ እናት አልመጣችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሟል። ታሪኩ የደረሰባት ሴት «ያለ ፈቃዴ ነው» ብላ ስለከሰሰች ነው። በኋላ ዕግዱ ተነሥቶ ታየ። የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ተናዶባት ነበር፤ ለዓላማው ስንል ዝም ብትል ምናለበት ተባለ። እኔም ከነዚያ አንዷ ነበርኩ። አሁን ግን ያቺ የበቅሎዋ እህታችን «ስሜን እንዳትጠሪ» ስትለኝ እሷን አሰብኳት። እኛ ታሪክ ነው ያየነው፤ እሷ ግን የገዛ ሌሊቷን ነው የምታየው።

ወደ እናትየዋ ቤት በድጋሚ የሄድኩት በዐቢይ ጾም ነው። ፊልሙን ተሸክሜ አልሄድኩም። ቡናው እስኪደርስ መጨረሻውን በአፌ ነገርኳት፤ ዳኛው ያለውን፣ ልጅቷ ከችሎት የወጣችበትን። በጥሞና ሰማችኝ። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ ካቀበለችኝ በኋላ «ከዚያስ የት አደረች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ከመንደሯ እንድትርቅ ወስነዋል፤ ፍርድ ቤቱ ነጻ ነሽ አላት፤ ሌሊቱ ግን አለ። በጣም ብዙ ሰው ያየውን ፊልም ይህን ጥያቄ ይዞ ያየው ስንት እንደሆነ እንጃ። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው አልጠየቅሁም። ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትመላለስ ሴት ልጅ ያላት ናት የጠየቀችው።

እና ለጋሾቻችን፣ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «ስንት ሰው ተማረ» ከሚለው አጠገብ «ምን አሉ» የሚል ባዶ ቦታ ቢጨመርልን እንሞላዋለን። ፊልም ማሳየቱን አንተውም። ነገር ግን ጀነሬተር ሳንከራይ አንጀምርም፤ ከፊልሙ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳንቀመጥ አንበተንም።

በአጀንዳችን ተራ ቁጥር 4 ላይ ያለው የቤት ኪራይ ጉዳይ የመጣው ከዚያ ስኒ ቡና ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ልጃገረዶች እዚሁ ሐሙሲት ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ ስንቃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጡ፣ ከአባላት አንዷ ተራ እየገባች አብራቸው እንድታድር ነው የቀረበው። ለሁለት ክፍል ከቁጠባው ትርፍ የምንመድበው ይበቃል፤ ለሦስት ክፍል ግን አይበቃም። ልጅቷ ዛሬም ቤት ናት። መስከረም ሁለት ወር ከምናምን ነው የቀረው። እናትየዋን ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ አግኝቼ ሐሳቡን ነግሬያታለሁ። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን አይተሽ ንገሪኝ ብላኛለች።