ስለ ሰውነት ማበጥና ስለ እግር እብጠት ለካቺሲ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ



በአገራችን የሰው ሰውነት ሲያብጥ ምክንያቱ ሳይመረመር «ውሃ ቋጥሯል» ወይም «መጋኛ መታው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። እብጠት ግን የሌላ ደዌ ምልክት ነውና ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መለየት ይገባል።

በክረምት ወራት የተቀመጠ ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሲረጥብ ሁላችሁም አይታችኋል። በሰውነታችንም ውስጥ ጨው ሲበዛ ውሃ አብሮት ይቀራል። ስለዚህ እግሩ የከበደው ሰው፣ ሐኪም ካላዘዘው በቀር፣ ውሃውን ከሚተው ጨዉን ቢቀንስ ይሻለዋል። ለአንድ ሙሉ ሰው በቀን 5 ግራም፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ይበቃዋል፤ ይኸውም በወጡና በበርበሬው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ ነው። የአምቦን ውሃ ጠጥቶ ሲያገሳ ሆዱ የቀለለለት ሰው ለእግሩም መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በውስጡ ሶዲየም ስላለበት ላበጠ እግር አይረዳም።

ቅልጥሙን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ቶሎ የማይሞላ፣ ትንፋሹ የሚያጥር ወይም ጧት ፊቱ የሚያብጥ ሰው ልቡና ኩላሊቱ ይታይለት። እርጉዝ ሴት ፊቷና እጇ አብጦ ራሷን ቢያማት ወይም ዓይኗ ብዥ ቢልባት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ፤ «የእርግዝና ነው» ብሎ ማሳደር ነፍስ ያስጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እናንተን የሚመለከታችሁ ዝሆኔ የተባለው የእግር እብጠት ነው። ብዙ ሰው ይህን በሽታ እርግማን ወይም የዘር ነውር ያደርገዋል፤ ከበሽተኛው ቤትም ጋብቻ ይከለክላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲመረምር፣ በባዶ እግር ለብዙ ዘመን ቀይ ዐፈር በሚረግጥ ሰው ዘንድ የዐፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳው ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ሥሮች እንደሚጎዳ አስረዳ። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናትም በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በሚዳቀኝ ወረዳ፣ የበሽተኞቹ ደም ተመርምሮ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል አልተገኘበትም። በአንዳንድ ቤተ ሰብ መብዛቱ እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን ዐፈሩን ያለመቋቋም ጠባይ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ጫማ ያደረገ ልጅ ከእንዲህ ያለ ቤት ቢወለድም እግሩ ደኅና ሆኖ ሊያድግ ይችላል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፣ እግሩ ያበጠውን ተማሪ ለብቻው አታስቀምጠው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዚህ ኀፍረት ትምህርቱን የሚተው ልጅ አለና ባልንጀሮቹ ሲዘብቱበት ዝም አትበል። የእግሩ ጀርባ የሚያሳክከው፣ የሚያቃጥለው፣ ማታ አብጦ ጧት የሚጎድልለት ልጅ ብታይ ወላጆቹን ጥራ፤ ሕመሙ ገና በጅምሩ ነውና ሊመለስ ይችላል።

የሚደረገውም ይህ ነው፤ እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ካልሲና የተዘጋ ጫማ መጫማት። ሽማግሎችም በእርሻ ጊዜ ጫማ ያደረገውን ወጣት «ቀበጠ» ብላችሁ አትሣቁበት፤ ዐፈሩ አብዝቶ የሚገኘው በዚያው በእርሻው ላይ ነውና። እግሩ ቀልቶ የሚያተኩሰውን ወይም የቆሰለውን ግን በቤት ሳታቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።