«ይታተም» ያሉት እመቤት



ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያሰናበተው የዋተርጌት ቅሌት ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩት ሁለቱ ዘጋቢዎች፣ ቦብ ውድዋርድና ካርል በርንስታይን ናቸው። ይገባቸዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳላችሁ ዘገባው ቢከሽፍ የአባታቸውን ድርጅት ሊያጡ ይችሉ የነበሩትን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባለቤት፣ ወይዘሮ ካትሪን ግራሃምን ነው።

አባታቸው ዩጂን ሜየር ጋዜጣውን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ከስሮ ለጨረታ ወጥቶ፣ በ825,000 ዶላር። ካትሪን ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የወደብ ሠራተኞችን ውዝግብ ዘግበዋል፤ ለሙያው ባዕድ አልነበሩም። አባት ጋዜጣውን ያወረሱት ግን ለአማቻቸው ለፊል ግራሃም ነበር። ባል በሚስቱ ሥር መሥራት የለበትም ብለው አብላጫውን ድርሻ ለፊል ሰጡ። ካትሪንም ያኔ ይህን ትክክል ነው ብለው ተቀበሉ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህ መቀበላቸው ነው።

በኦገስት 1963 ፊል በአእምሮ ሕመም ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የ46 ዓመቷ የአራት ልጆች እናት ድርጅቱ አይሸጥም አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራቸው ስለነበር በሠራተኞች የገና ግብዣ ላይ «መልካም ገና» ለማለት እንኳ አስቀድመው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል።

አሁን ወደ ጁን 1971 ልውሰዳችሁ። ኒውዮርክ ታይምስ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ስለ ቬትናም ጦርነት ያስጠናውን ምስጢራዊ ሰነድ ማውጣት ጀምሮ በፍርድ ቤት ታገደ። ጁን 17 ቀን ሰነዱ ፖስት እጅ ገባ። ዘጋቢዎቹ በዋና አዘጋጁ በቤን ብራድሊ ቤት ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ እዚያው ቤት ውስጥ ጠበቆቹ አይሆንም ይላሉ። ጠበቆቹ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ በወንጀል ቢፈረድበት ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ካትሪን በዚያ ምሽት ቤታቸው ለአንድ ተሰናባች ባልደረባ ግብዣ እያደረጉ ነበር። ስልክ ተደወለላቸው። እጅግ የሚያምኗቸውን የቦርዱን ሊቀመንበር ፍሪትዝ ቢቢን ጠየቁ፤ እሳቸውም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እኔ ብሆን አላትመውም አሉ። ካትሪን ግን ይታተም ብለው ወሰኑ። ዘገባው በማግስቱ ወጣ። ጁን 30 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለጋዜጦቹ ፈረደ።

ካትሪን ይታተም ሲሉ ግን ይህን ፍርድ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ከጀርባው የሚቆምለት አሳታሚ የሌለው ዘጋቢ የቱንም ያህል ቢደክም ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የዋተርጌት ምርመራ በተጀመረ ጊዜም የካትሪን ኩባንያ የፍሎሪዳ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፈቃድ እንዳይታደስ ተቃውሞ ቀረበ፤ የኩባንያው አክሲዮን ዋጋም አሽቆለቆለ። እሳቸው ዘጋቢዎቹን አላስቆሙም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኦገስት 1974 ሥልጣን ለቀቁ።

የ1975ቱን የፖስት ማተሚያ ሠራተኞች አድማ ዘልዬ ባልፍ ግን ሙያችንን እበድላለሁ። አድማው ሲጀመር የማተሚያ መሣሪያዎች ተሰባበሩ፤ ካትሪን ራሳቸው ስልክ እያነሱ ማስታወቂያ ተቀበሉ፤ በመጨረሻም አድመኞቹን በሌሎች ተኩ። የሠራተኛ ማኅበራት ይህን በበጎ አያነሱትም። የምታደንቁትን ሰው ስትዘግቡ ይህንንም ጻፉ።

በ80 ዓመታቸው፣ በ1998፣ ግለ ታሪካቸው የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ2001 አረፉ።

የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተመራቂዎች ሆይ፣ ከመካከላችሁ ነገ ዋና አዘጋጅና የሚዲያ ባለቤት የሚሆን አለ። ዘጋቢያችሁ የተረጋገጠ እውነት ይዞ ሲመጣ ብቻውን አትተዉት። ወላጆችም፣ ሱቅም ይሁን ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ ማን ይረከበን ብላችሁ ስትመክሩ ከአማቻችሁ በፊት ዛሬ ጋዋን ለብሳ የተቀመጠችውን ልጃችሁን ጠይቋት።