ከቅርጫው ማግስት፦ የውሻና የድመት የሆድ ጤና ለቤተሰባችን ምን ማለት ነው?

(በዱቦ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ስለ ውሻና ስለ ድመት ሆድ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አልቀረም። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና በአብዛኛው የሚታወቀው በበሬው፣ በላሟና በበጉ ነው። ውሻው ቤት ይጠብቃል፤ ድመቷ አይጥ ትይዛለች፤ የሚበሉትን ግን ሁለቱም ራሳቸው ፈልገው ያግኙ ይባላል። ውሻችን የሚበላውን እኛ ካልመረጥንለት ግን ዋጋውን የምንከፍለው ራሳችን ነን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት በአንድ ቄራ ሥጋ እመረምር ነበር። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ባገኘሁ ቁጥር ለሰው ምግብነት እንዳይውል ወስኜ እፈርማለሁ። ሠራተኛው ይቀበለኝና ከአጥር ውጭ ይወረውረዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ውሾች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ይህን እያየሁ ወራት አለፉ። ሰውን ከበሽታ ጠበቅሁ ስል በሽታውን በገዛ ፊርማዬ ለውሾች እመግብ እንደነበር የተገነዘብኩት ዘግይቼ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የተባለው የውሻ ጠፍጣፋ ትል እጭ ነው። በአንዱ ከረጢት ውስጥ እጅግ ብዙ የትል ራሶች ሊገኙ ይችላሉ። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ራሶቹ በቀጭኑ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። የጎለመሰው ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መውጣት ይጀምራል። ከዚያም በሣር በኩል ወደ ከብትና ወደ በግ፣ ባልታጠበ እጅ፣ በውሃና በአትክልት በኩል ደግሞ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን ኮሶን ሁላችንም እናውቃለን። ኮሶ የሚይዘን እጩ ያለበትን ጥሬ የበሬ ሥጋ ስንበላ ነው። ይህኛው መንገዱ ሌላ ነው፤ ሰው የሚያዘው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል እንጂ ከሥጋው አይደለም። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ ከውሻው ጋር በግቢ ውስጥ ሲጫወት ሊያዝ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር በዚህ ትል የተያዘ ውሻ ብዙውን ጊዜ የማይታመም መሆኑ ነው፤ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል። ስለዚህ የውሻን የሆድ ጤና በመልኩ ብቻ መመዘን አይቻልም።

በግልጽ የሚያሳምሙት ሌሎች ናቸው። ወስፋት ከእናቲቱ ገና በማኅፀን ሳሉ ወደ ቡችሎች ይተላለፋል። ሆዱ የተነፋ፣ ጎኑ የከሳ ቡችላ ስታዩ “ጠግቧል” አትበሉ። መድኃኒቱ በ2 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ሊደገምለት ይገባል። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፤ የድድ መንጣት አንዱ ምልክቱ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ከመጣ ደግሞ ፓርቮ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ክትባት አለው።

ወደ ምግቡ ልለፍ። ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ረጅም ዘመን ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ የበለጠ ሆኗል። ቆጮም ሆነ የበቆሎ ቂጣ፣ የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከታከለበት፣ ይስማማዋል። ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ከጎደላት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል፤ በቂጣና በወተት ብቻ አትኖርም። እንዲያውም ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት ያስቀምጣቸዋል። የወጥ ትራፊም ለሁለቱም አይበጅም፤ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ይሰብራል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። የሰው መድኃኒትም አትስጧቸው፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ችግሩ መፍትሔ እንዳለው ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ ወደ አይስላንድ ሄዶ 100 ውሾችን ቢመረምር 28ቱ ላይ ይህን ትል አገኘ። ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ መጽሐፍ ተሠራጨ፤ ሕግ ወጣ፤ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ ተደረገ፤ ውሾች መድኃኒት እንዲወስዱ ተገደደ። በጊዜ ሂደት በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ያኔ ዛሬ በእጃችን ያለው መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ትልቁን ሥራ የሠራው እውቀትና ሥርዓት ነበር።

እኛስ? ጊፋታ ሲደርስ፣ መስቀል ሲከበር ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ቅርጫው በየግቢው ይታረዳል። በዚያ ዕለት የሥጋ መርማሪ የለም፤ መርማሪዎቹ እናንተው ናችሁ። ስለዚህ አራት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ከመታረዱ በፊት ውሻውን እሰሩት፤ ጥልቅ ጉድጓድም አዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ጤነኛ የመሰለውንም ቢሆን በደንብ ሳትቀቅሉ ለውሻ አትስጡ። ሦስተኛ፣ ውሻችሁን መዝናችሁ ፕራዚኳንቴል በሐኪም ትእዛዝ ስጡት፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። የወስፋት መድኃኒት ሁሉ ይህን ትል አይገድልም፤ ፕራዚኳንቴልም ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልምና ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት የሚወጣውን ዓይነ ምድር ቅበሩ። አራተኛ፣ ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እኔ ፈርሜ ዞር ያልኩበትን አጥር እናንተ ተሻግራችሁ እዩ። የተወገደው ነገር የት እንደደረሰ ሳያውቅ ሥራውን ጨረስኩ የሚል ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም።