«ቲንጅድ» ስለምትባል የእንግሊዝኛ ቅጽል



ለዚህ በዓል ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል መረጥን፤ ይህችውም «ቲንጅድ» ናት። የመረጥናትም ስለ በደልናት ነው።

ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ አስተማሪያችን ለጓደኛችን እናት ደብዳቤ ጻፉ። ልጅዎ ፈተናውን በማለፉ ደስ ብሎኛል፤ ርቄ ስላለሁ ግን ደስታዬ በኀዘን «ቲንጅድ» ነው የሚል ነበር። እኛም በችኰላ «ደስታዬ ከኀዘን ጋራ ተደባልቋል» ብለን አነበብንላቸው። እናቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው «ማን ሞቶ ነው?» አሉ። እስክናስረዳ ድረስ ጎረቤት ተሰበሰበ።

መደባለቅ ማለት ጤፍና ገብስ እንደሚደባለቁት ነው፤ ሁለቱም በመጠን ይታያሉ። ቲንጅድ ግን ከላቲኑ «ቲንጌሬ» የመጣች ናት፤ ትርጓሜውም መንከር፣ ማቅለም ነው። ቁስላችን ላይ የሚቀባው ቲንክቸር አዮዲን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግንድ ነው። ከእርሱ ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ብትጨምሩ ውሃው ውሃነቱን ሳይለቅ ቢጫማ መልክ ይይዛል። ቅጽሊቱ የምትለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለቀለምና ለስሜት ትስማማለች፤ ከኋላዋም «ዊዝ» የሚባለውን መስተዋድድ ታስከትላለች። ሻዩ በስኳር ቲንጅድ ነው ማለት ግን ያስቃል። (ከመካከላችን አንዱ በፈተና ጽፎታል፤ ስሙን አንናገርም።)

ባማርኛ «ኀዘን ነካ ያደረገው ደስታ» ብንል ይቀርባታል። እኒያ እናት ዘንድ ተመልሰን በዚህ ቃል አነበብንላቸው። «እንዲህ ከሆነማ የእኔም እንደዚያው ነው» አሉን፤ ልጃቸው በዚህ ዓመት ከቤት ይወጣልና።