ቀላል ጠመንጃና የገውዝ እንጨት ሰደፍ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር። ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለእድር ስብሰባ እንግዳ ነው፤ ስለ ጠመንጃ ነው። «ሽማግሌው ምን ነካቸው?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። ነገሩ ግን የተነሣው ከእድራችን ቤት ነው።

ከተለዩን አባሎቻችን አንዱ ፈቃድ የነበራቸውን አንድ ጠመንጃ ለልጆቻቸው ትተው አልፈዋል። ሠልስቱ እንዳለፈ ሁለቱ ልጆች ወደ እኛ መጡ። ታላቁ፣ «አባባ፣ ይህ ከባድ ነው፤ ለአደን የሚሆን ቀለል ያለ፣ ሰደፉ ያማረ ብንይዝ ይሻላል» ይላል። ታናሹ፣ «የለም፣ የአባታችን ነው፤ የተሰነጠቀው ሰደፉ ብቻ ስለ ሆነ በሠፈራችን አናጢ በጣውላ እናስለውጠው» ይላል። ወደ እኛ የመጡት በወረዳ ጽሕፈት ቤት 27 ዓመት ስንሠራ የጠመንጃ መዝገብ እንጽፍ እንደ ነበር ሰምተው ነው። እኛም «ጣውላ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ክው አልን። ለምን እንደ ደነገጥን በኋላ እንደርስበታለን። ትምህርታችን እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ የምንናገረው በእጃችን ያየነውንና ሰው ጠይቀን፣ አንብበን የተረዳነውን ነው።

በመዝገባችን ላይ «ውጅግራ አንድ፣ ቤልጅግ አንድ፣ ምንሽር አንድ» እያልን እንጽፍ ነበር። ያገራችን ሰው ለጠመንጃ ስም ሲሰጥ ከመጣበት እየነሣ ነው። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት «ፉዚ ግራ» የሚባለው ነው። ቤልጅግም ከቤልጅግ አገር፣ ከኤርስታል ፋብሪካ የመጣው የሞዜር ዓይነት ነው። ምንሽር ደግሞ ማንሊኸር ከሚባለው ከኦስትሪያው ስም የተወሰደ ነው። እነዚህ ሁሉ ለጦርነት የተሠሩ ናቸው። ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱም 1 ሜትር ከ30 ነው። ወታደር በሰልፍ ይሸከመው እንደ ሆነ ነው እንጂ ዳገትና ቁልቁለት ቀኑን ሙሉ ለሚንከራተት ሰው ትከሻ ይቆርጣል። የደከመ ሰው ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አውሬውን አቁስሎ ይሰደዋል። ቀላል ጠመንጃ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።

ፈረንጆቹም ይህን አውቀው ለአደን ብቻ የሚሆን ሠሩ። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1903 በኦስትሪያ በሽታየር ከተማ የወጣው ማንሊኸር ሸናወር ነው። የሚተኩሰው የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ አፈሙዙ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 3 ኪሎ ነው፤ እንጨቱም ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1952 ዊንቸስተር ሞዴል 70 የሚባለውን ጠመንጃቸውን አቅልለው «እንደ ላባ የቀለለ» የሚል ስም ሰጥተው አወጡት። የሁለቱም ሰደፍ ዋልነት ከሚባለው እንጨት ነው።

ታዲያ ቀላል ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ መቸኮል ስሕተት ነው። ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ትከሻን ይመታል። አንዱን ጥይት በ4 ኪሎ ጠመንጃና በ3 ኪሎ ጠመንጃ ብንተኩሰው፣ የ3 ኪሎው ምት በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። የተመታ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ልዝብ ጥይትም አብሮ መምረጥ አለበት፤ 6.5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ለሚዳቋም ለአጋዘንም ይበቃል። ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለው አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ሞዜር ነበር። ወደ አገራችንም ዘልቋል። ይህን የምናነሣው የዝሆኑን እልቂት ለማመስገን አይደለም፤ ቦታውን አውቆ የሚተኩስ ሰው ትልቅ ጥይት እንደማያስፈልገው ለማስረዳት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መቀርቀሪያውን ከፍቶ ካዝናውንም አፈሙዙንም ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጥ። «ባዶ ነው» ብሎ የሰጠውን የገዛ አባቱንም ቢሆን አይመን። ቀጥሎ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን ይመልከት። ውስጡ እንደ መስታወት ካበራና ጥምዝምዙ ጥርት ብሎ ከታየ ደኅና ነው። የዛገና የተበላ ከሆነ ግን ሰደፉ ወርቅ ቢሆን አይረባም።

ሦስተኛው ልክ ነው። ጫማ በልክ እንደሚገዛ ጠመንጃም በልክ ይመረጣል። ክንድህን አጥፈህ የሰደፉን ጫፍ በክርንህ እጥፋት ላይ ስታሳርፈው አመልካች ጣትህ ቃታው ላይ በደንብ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሞብሃል፤ ካለፈውም አጥሮብሃል። ከዚያ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አምጣና ዓይንህን ግለጥ። ማነጣጠሪያው ከዓይንህ ፊት ቀጥ ብሎ ከተገኘ ያ ጠመንጃ ያንተ ነው። አንገትህን የምታጣምም ከሆነ ተወው። እንዲሁም ከካዝናው ፊት ባለው ቦታ በአንድ እጅህ ስታነሣው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ቢቆም፣ ሚዛኑ ላይ ከሚያሳየው ኪሎ ይልቅ ቀልሎ ይሰማሃል።

አራተኛውና ዛሬ ለመናገር ያነሣሣን እንጨቱ ነው። ዋልነት የሚሉት በመጽሐፍ ቅዱስ በመኃልየ መኃልይ ገውዝ ተብሎ የተጠቀሰው ዛፍ ነው። ከቱርክ፣ ከካውካሰስና ከፈረንሳይ አገር የሚገኘው ተመራጭ ነው፤ አሜሪካኖችም ጥቁር ዋልነት የሚሉት የራሳቸው ዓይነት አላቸው። ይህ እንጨት የተመረጠው መልኩ ስላማረ ብቻ አይደለም። ክብደቱ መካከለኛ ሆኖ ጥንካሬው ግን ከክብደቱ ይበልጣል፤ ምት ሲያገኘው በቀላሉ አይተረተርም፤ አንዴ በደንብ ከደረቀ በኋላ በዝናብ አብጦ በፀሐይ ተኮማትሮ ብረቱን ብዙ አያንገላታውም። ከኛ እንጨቶች ወይራ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ይከብዳል። ዋንዛ ቀላልና ለሥራ የሚመች ነው፣ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ባሕር ዛፍማ ሲደርቅ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ መሆኑን አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

ዋልነትም ቢሆን ተቆርጦ ወዲያው አይሠራም። ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ መድረቅ አለበት ይባላል፤ ሰደፍ የሚወጣው እንጨት ወፍራም ስለ ሆነ ሁለት ሦስት ዓመት መቆየቱ ነው። ገዢው የሚመለከተው ሰደፉ ከቃታው በስተኋላ የሚቀጥንበትን፣ አንገቱ የምንለውን ቦታ ነው። የእንጨቱ ጭረት በአንገቱ ቁመት ልክ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ጭረቱ አግድም ከቆረጠው ዛሬ ባይሆን ነገ ይሰበራል። ከላይኛው ብረት መጨረሻ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብትኖርም በጥፍር እየዳሰሱ መፈለግ ነው። እንክብካቤው ግን ከቤታችን አይጠፋም፤ የተፈላ የተልባ ዘይት በስሱ እየቀቡ በእጅ ማሸት ይበቃል። የሞተር ዘይት ግን እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ዛሬ የፕላስቲክና የፋይበር ግላስ ሰደፍ መጥቷል፤ ዝናብ አይፈራም፣ አንዳንዱም ይቀላል። የሚያምርበትን አንነቅፍም።

እንግዲህ ስለ ጣውላ ስንሰማ ለምን እንደ ደነገጥን እንናገር። ይህን ነገር ከዛሬ በፊት በአደባባይ አልተናገርነውም።

አባታችን ከአርበኝነት ዘመን የተረፈ አንድ ቤልጅግ ነበራቸው። ሲሞቱ ለታላቅ ወንድማችን ወረሰ። ወንድማችን በይፋት ቆላ ገበሬ ነበር፤ ጠመንጃውን የሚይዘው ማሽላውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በቅሎዋ ገደል ዳር ወደቀችና ሰደፉ ከአንገቱ ተሰበረ። ወንድማችን ሁለት በግ ሸጦ 100 ብር ይዞ እኛ ወደምንሠራበት ከተማ መጣ። «አንተ ከተሜ ነህ፣ ጥሩውን አሠራልኝ» ብሎ ገንዘቡንም ጠመንጃውንም ሰጥቶን ሄደ።

አናጢው ሁለት ነገር ነገረን። ከተበላሸ ጠመንጃ የተገኘ ደኅና የዋልነት ሰደፍ አለ፣ ከነመግጠሚያው 80 ብር። ከባሕር ዛፍ ቢሠራ ደግሞ 25 ብር። «እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ግን ቀለም ሲቀባ ማንም አይለየውም» አለን። እኛም ትንሽ አሰብንና ባለ 25ቱን አዘዝን። ለወንድማችን 20 ብር መለስንለት፤ 55 ብሩን ኪሳችን ከተትነው። በዚያ ብር ኮት ገዛን። በእውነቱ አናጢውን ልንከስ አንችልም፤ እርሱ እውነቱን ነግሮናል። የዋሸነው እኛ ነን።

ወንድማችን ጠመንጃውን ሲቀበል፣ «እንዴት አምሮበታል፣ ቀለለም እኮ!» ብሎ መረቀን። በጋው ገባ፣ እንጨቱ ደረቀ። በኅዳር 1987 ዓ.ም. ማሽላው ውስጥ የገባ ከርከሮ ላይ ሲተኩስ ሰደፉ ከአንገቱ ለሁለት ተተረተረና የብረቱ ኋላ ተወርውሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። በሰው ሸክም መኪና መንገድ ደረሰ፤ ከዚያም ሆስፒታል ገባ። ነፍሱ ተረፈች፣ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

ስንጠይቀው ሄድን። ስባሪው ሰደፍ በር ሥር ተቀምጦ ነበር፤ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርገውታል። በውጭ ቡናማ፣ በውስጥ ነጭ። ወንድማችን አንዲት ቃል አልተናገረንም። በሄድን ቁጥር ያ እንጨት እዚያው ነበር፤ ለዓመታት። ልጆቹ «አባባ፣ ዓይንህን ምን ነካው?» ሲሉት፣ «እንጨት ነው» ብሎ ዝም ይላል።

ሸምግሎ ሲታመም ወደ ቤታችን አመጣነው፤ አራት ዓመትም አብሮን ኖረ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ድንኳን ተክላችሁ የቀበራችሁት እርሱን ነው። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ያ ኮት ሞቆህ ነበር ወይ?» አለን። ለካስ ያውቅ ኖሯል። እግሩ ላይ ወደቅን። «ተነሥ፣ ሽማግሌ አይደለህም ወይ?» ብሎ አነሣን። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

ለዚህ ነው ለሁለቱ ልጆች የሚከተለውን የመለስንላቸው።

አንደኛ፣ ባለፈቃዱ ከሞተ በኋላ ጠመንጃውን አልጋ ሥር ማስቀመጥ አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ከእጅ ወደ እጅ መሸጥ ወንጀል ነው። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስታወቅና የሚታዘዘውን መፈጸም ነው። አደንም ቢሆን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጪ አይፈቀድም፤ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የመሰሉት ደግሞ ጭራሹን አይነኩም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ይዛችሁ ቆዩ ካላችሁ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ምን እንደሚሠራበት ተነጋገሩ። የሚያድን ሰው ከሌለ ለግድግዳ ጌጥ ሲባል ባይያዝ ይሻላል። ለቅሶ ላይ ለመተኮስ ከሆነ ደግሞ በዚህ እድር ፊት አታንሡት፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ የሚወርደው ሰው ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የምትይዙት ከሆነ ጣውላ አይነካው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይየው፤ ደርቆ የቆየ ዋልነት ይግባለት። ገንዘቡ ካልበቃ ገንዘቡ እስኪገኝ ሰደፉ ተሰብሮ ይቀመጥ። የተሰበረ ጠመንጃ ማንንም አይጎዳም፤ ተሰብሮ ሳለ ደኅና የመሰለ ነው የሚጎዳው።

ታናሹ ልጅ ሰምቶን ሲጨርስ፣ «ዋጋው ስንት ነው?» አለን። «ልዩነቱን እኛ እንሞላለን» አልነው። ይህን የተናገርነው ለመመስገን አይደለም። 55 ብር ዛሬ ዓይን አይመልስም፤ ያን ጊዜ ግን ያድን ነበር።