ማርቲ ፖኬላና ባለ አምስት አውታሩ ካንቴሌ
(ለሙዚቃ መምህራን የተደረገ ንግግር)



አንድ ሕዝብ የሙዚቃ መሣሪያውን በሁለት መንገድ ሊያጣው ይችላል፤ አንደኛው በንቀት፣ ሁለተኛው በክብር ነው። ስለ ንቀቱ ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ሲሆን፣ ምሳሌዬም የፊንላንዱ የካንቴሌ መምህር ማርቲ ፖኬላ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ካንቴሌ በጭን ወይም በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በጣት የሚደረደር መሣሪያ ነው። ጥንታዊው ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ አምስት አውታሮች ብቻ የነበሩት ነው። ኤልያስ ሎንሩት የሕዝቡን ቃል ግጥም ሰብስቦና አቀናብሮ በ1835 ባሳተመው በ«ካሌቫላ» ውስጥ ቫይናሞይነን የተባለው ጀግና ካንቴሌ ደርዳሪ ነው። ስለዚህም መሣሪያው የአገሩ አርማ ለመሆን በቃ። ይሁን እንጂ ስሙ ከፍ ባለ ቁጥር ባለ አምስት አውታሩ ከሰው እጅ ራቀ። ብዙ አውታር ያለው ትልቁ ካንቴሌ ቦታውን ወሰደ፤ ትንሹም የሙዚየም ጌጥ ወደ መሆን ተቃረበ።

በ1924 በሃፓቬሲ የተወለደው ፖኬላ የትልቁ ካንቴሌ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን ትንሹን አልናቀም፤ አዲስ ዜማም ደረሰለት። በ1975 በሄልሲንኪ በሲቤሊየስ አካዳሚ የሕዝብ ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ፤ በ1983ም የሕዝብ ሙዚቃ ክፍል በሄይኪ ላይቲነን መሪነት በዚያው ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ዓመታት ባለ አምስት አውታሩ ወደ ትምህርት ቤቶች ገብቶ በሕፃናት ጭን ላይ ተቀመጠ።

«አምስት ድምፅ ለምን ይበቃል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በራሱ በማነሱ ላይ ነው። ለየአውታሩ አንድ ጣት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ድምፆችን እየደጋገመና በጥቂቱ እየለወጠ የራሱን ዜማ ያገኛል። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን «ኖታ ሳታነቡ መሣሪያ አትንኩ» ስል ኖሬያለሁ። በዚህም መሣሪያውን ያከበርሁ መስሎኝ ስንቱን ልጅ ከደጅ እንደ መለስሁ ሳስብ አፍራለሁ።

ፖኬላ በ2007 ዐረፈ። ያስተማረን ግን ይህ ነው፤ መሣሪያ የሚጠበቀው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳይሆን ጀማሪ ሲነካካው ነው። እንግዲህ ቁልፉ በእጃችን ያለ መምህራን ሣጥኑን እንክፈት።