አንድ ዱቄት፥ አራት ጕልበት

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል ከሳይንስ ትምህርታችን አንድ ነገር እንድናስረዳ ሲፈቀድልን፥ ሁላችሁም የምታውቁትን ወፍጮ መረጥን። የወፍጮ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይንቀሳቀሳል፥ እህሉም ዱቄት ይሆናል። ድንጋዩን የሚያንቀሳቅሰው ጕልበት ግን ልዩ ልዩ ነው። ይህ ጕልበት የት ተጠራቅሞ ይቆያል? በምንስ መንገድ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

መጀመሪያ የእጅ ወፍጮን እንመልከት። እናት ጐንበስ ብላ መጁን ስትገፋና ስትመልስ፥ ጕልበቷ የሚመጣው ከበላችው እንጀራ ነው። ጤፉ በማሳ ሳለ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ በፍሬው ውስጥ አኖረው። ሰውነቷም ያን ምግብ ከምትተነፍሰው አየር ጋራ አዋሕዶ ጡንቻዋን ያንቀሳቅስበታል። ነገር ግን ከምግቡ ጕልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከሩብ ብዙ አያልፍም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የምትፈጭ ሴት ግንባሯን የሚያልባት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የውሃ ወፍጮ ነው። የፀሐይ ሙቀት ውሃውን ከባሕር ያነሣዋል፥ እርሱም በተራራ ላይ ይዘንባል። ከፍ ባለ ቦታ ያለ ውሃ እንደ ተሰቀለ ድንጋይ ጕልበቱን ይዞ ይቆያል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፥ ይኸውም 1,000 ኪሎ ግራም፥ 5 ሜትር ሲወርድ 49,000 ጁል ያህል ይሰጣል። ውሃው በቦዩ ሲወርድ ከፍታው ፍጥነት ይሆናል፤ መንኰራኵሩን ሲመታም ፍጥነቱ የድንጋዩ መዞር ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ ወፍጮ ወንዝ በሌለበት ሰፈር አይተከልም፤ ወንዙም በበጋ ይቀንሳል።

ሦስተኛው የናፍጣ ወፍጮ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ይኖሩ የነበሩ ደቂቅ ፍጥረታት፥ ከፀሐይ ያገኙትን ጕልበት እንደ ያዙ በጭቃ ሥር ተቀበሩ፤ በመሬት ውስጥ ሙቀትና ጫናም ነዳጅ ዘይት ሆኑ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. የተሳካ ሞተሩን ሲያሳይ፥ ነዳጁን የሚለኵስ ብልጭታ አላስፈለገውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚያ ላይ የተረጨው ነዳጅ በራሱ ይነዳል። የጋለው አየር ፒስተኑን ይገፋዋል፥ ፒስተኑም ዘንጉን ያዞራል፥ ዘንጉም በቺንጋ ወፍጮውን ያዞራል።

እስቲ በቍጥር እናስተያይ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል። ሞተሩ ሲሶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ 12 ሚሊዮን ጁል ይገኛል። ብርቱ ሠራተኛ ደግሞ በሰከንድ 75 ጁል እያወጣ 8 ሰዓት ቢደክም፥ የቀኑ ሥራ 2 ሚሊዮን ከ160 ሺህ ጁል ነው። እንግዲህ አንዲት ሊትር የአምስት ቀን ተኩል ድካም ትሸከማለች ማለት ነው። ይህ ስሌት በሰሌዳ ላይ የሚቀር አይደለም፤ ከመጁ ጋራ ሊውሉ ይችሉ የነበሩ እኅቶቻችን ዛሬ ከእኛ ጋራ በክፍል የተቀመጡበት አንዱ ምክንያት ነው። ሆኖም ናፍጣ ተቃጥሎ ካለቀ አይመለስም፤ አገራችንም ከውጭ በገንዘብ ትገዛዋለች።

አራተኛው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው። የእንግሊዙ ሊቅ ማይክል ፋራዳይ በ1821 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንደሚዞር አሳየ፤ በ1831 ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፥ ከማግኔትና ከሽቦ እንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ አወጣ። ስለዚህ በግድቡ ያለው ማመንጫና በወፍጮ ቤት ያለው ሞተር ወንድማማች ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ ይችላል። ያ ሁሉ ውሃ በከፍታ የተቀመጠ ጕልበት ነው። ከዚህ ዓይነት ግድብ መብራት የሚያገኝ ወፍጮ፥ ወንዙ በሩቅ አገር ያለ የውሃ ወፍጮ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጥሩ ሞተር ከተቀበለው ጕልበት ከመቶው 90 ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ሽቦው ግን ጎተራ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በሚፈለግበት ሰዓት መመንጨት አለበት። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ወዲያው የሚቆመው፥ ባለ እህሉም ተሰልፎ የሚጠብቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሕግ አለ። ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚወርድ ክብደት አማካይነት በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ አዞረ፥ ውሃውም ሞቀ። ይህን ያህል ሥራ ሁልጊዜ ይህን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ በልኬት አስረዳ። ጕልበት ከምንም አይፈጠርም፥ ጨርሶም አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ነገር ግን በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፥ ቀረጡም ሙቀት ነው። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት እጅን ሲያሞቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሙቀት የእንጀራው፥ የውሃው፥ የናፍጣው ወይም የኤሌክትሪኩ ጕልበት የመጨረሻ ማረፊያ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ዱቄት ያለ ዋጋ አይገኝም። ወንዝ ወይም ሞተር ካልከፈለው የሴት ወገብ ይከፍለዋል። ወፍጮ ቤት በራቀባቸው መንደሮች ዛሬም የሚከፍሉት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን መሐንዲሶችም ሆንን መምህራን፥ በምንደርስበት መንደር አስቀድመን የምንጠይቀው ይህ ይሁን፤ እዚህ እህሉን የሚፈጨው የማን ጕልበት ነው?